ጋያው በነፃ የተሰናበተበት ጉዳይ

ከሱለይማን ተራሮች ግርጌ፣ የበጋ ፀሐይ ድንጋይ በምታበስልበት ሜዳ ላይ፣ አንድ የተከበረ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቆሟል። ክብሩ ከሲሚንቶው የመጣ አይደለም፤ ሲሚንቶማ የትም ይቦካል። ክብሩ የመጣው ከኮሚቴዎቹ ነው። ሌላው ዓለም ስሕተትን በችኰላና በግዴለሽነት ሲሠራ፣ በዚህ ፋብሪካ ግን ማንኛውም ስሕተት አስቀድሞ ይመከርበታል፤ ይብሰለሰላል፤ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል፤ ከዚያም በማኅተም ይሠራል። መጪው ትውልድ ከዚህ ጥበብ ይማር ዘንድ፣ በመሊክ ወሳያ ልጅ ሠርግ ሰሞን የሆነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ እናስቀምጣለን።

መሊክ አላህ ወሳያ የፋብሪካው የመለኪያ መሣሪያዎች ኃላፊ ነበሩ። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ጥምጥማቸው እንደ ካብ የተደረደረ፣ ሲሄዱ ቀስ የሚሉ፣ ሲናገሩ ደግሞ ከዚያ የባሰ ቀስ የሚሉ ሰው ናቸው። በእጃቸው ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጭስ መርማሪውን ነው። ይህ መሣሪያ ከእቶኑ የሚወጣውን ጭስ በቀጭን ቧንቧ እየሳበ ምን ምን እንዳለበት በቁጥር ይናገራል። ዋና ሥራው ካርቦን ሞኖክሳይድን መጠበቅ ነው፤ ይኸውም ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወልደው፣ ሽታ የሌለው፣ ሰውን እንቅልፍ አስመስሎ የሚወስድ መርዝ ነው። መርዙ በእቶኑ ጭስ ውስጥ ከበዛ፣ ጭሱ የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ አቧራ ማጣሪያ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው «በዛ» ብሎ ቀይ መብራት ሲያበራ፣ ማጣሪያው በዚያው ቅጽበት ራሱን ያጠፋል። ያን ጊዜ ፋብሪካው ከመፈንዳት ይድናል፤ አቧራው ግን በጭስ ማውጫው ወጥቶ በሠራተኞቹ መንደር ላይ ይወርዳል። ከሁለት ክፉ የሚሻለው ክፉ ይህ ነው ተብሎ ታምኖበታል፤ ያመኑበትም ከመንደሩ ውጭ የሚኖሩት ናቸው።

መሣሪያው አንድ ድካም ነበረው፤ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ባዘዙት መሠረት፣ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ አየር የሚነፋበት ትንሽ ክፍል ተሠራለት። በግቢው ውስጥ ሌላ ቀዝቃዛ ክፍል አልነበረም፤ የሥራ አስኪያጁ ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ጥገናውም በኮሚቴ እየተጠና ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሰርዳር ዙልቀርነይን የጎሣ አለቃ፣ የአለቃ ልጅና የአለቃ የልጅ ልጅ ናቸው። አንድ ቀን የመሣሪያውን ደኅንነት ሊጠይቁ ገቡ። በማግሥቱ ደኅንነቱን ተቀምጠው ሊጠይቁ ወንበር አስገቡ። ወንበሩን ምንጣፍ ተከተለው፤ ምንጣፉን ትራስ፤ ትራሱን ደግሞ ትምባሆ በውኃ የሚጨስበት፣ ቀኑን ሙሉ ከሰሉ የማይጠፋው ትልቁ ጋያ ተከተለው። የአስተዳደር ኃላፊው ቁረሺም ጋያውን ተከትለው ገቡ፤ አቶ ቁረሺ ሰርዳር ያሉበትን ቦታ በጠረን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። መሊክ ወሳያ በሥራቸው ምክንያት ፊቱንም እዚያው ስለ ነበሩ፣ ትራስ ተሰጣቸው እንጂ አልተባረሩም። በክፍሉ ውስጥ የልብስ መስቀያ አለመኖሩ ብቻ ቅር ያሰኝ ነበር። ሰርዳር ግን አርቆ አሳቢ ነበሩና፣ ከአያታቸው የወረሱትን፣ ጥይት የታጨቀበትን ዝናራቸውን በግድግዳው ላይ በሚያልፈው ቀጭን ቧንቧ ላይ ሰቀሉት። ቧንቧው ትንሽ ጎበጥ አለ። ማንም አላወረደውም። በዚያ አገር የሰርዳርን ዝናር ያለ ፈቃድ የነካ ሰው፣ ሲሆን ደም ይከፍላል፣ ሳይሆን ደግሞ ደመወዙን።

አቧራው መውረድ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

መሊክ ወሳያ አቧራው መጀመሪያ በወረደበት ቀን ወደ ቤታቸው ሲገቡ ልጃቸው ሻህርባኖ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ባባ፣ የሠርግ ልብሴ ቀይ ነበር አይደል?»

«ቀይ ነው እንጂ።»

«እንግዲያ መጥተህ አሳየኝ፤ እኔ ካሰጣሁበት ገመድ ላይ አጣሁት።»

በገመዱ ላይ የነበረው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ ልብሱም፣ አንሶላውም፣ ለማየት የወጣችው የጎረቤት ድመትም።

«ይታጠባላ» አሉ መሊክ ወሳያ።

«ሲሚንቶ በውኃ? ታጥቦማ ሐውልት ይሆናል። ለዓርብ ነው የምፈራው እኔ። አማቴ ያለችውን ሰምተሃል፤ ‹ድንኳናችሁ ላይ አንዲት ቅንጣት ብትወርድ ልጄን እጁን ይዤ ወደ ሙልታን እመለሳለሁ› ብላለች።»

«ቀልዷን ነዋ።»

«የጥጥ ነጋዴ ሚስት በነጭ ልብስ ትቀልዳለች?»

መሊክ ወሳያ ቀና ብለው ጭስ ማውጫውን አዩ። የልጃቸው ድንኳን የሚተከለው በመንደሩ ሜዳ፣ ልክ ከጭስ ማውጫው ሥር ነው። ሌላ ሜዳ የለም፤ ሌላ ዓርብም የለም፤ ሻህርባኖን የሚያህል ምላስ ደፍሮ የጠየቀ ሌላ ባልም እስከዚያ ቀን አልተገኘም።

በማግሥቱ «የአቧራውን ጉዳይ አጣሪ አስቸኳይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሰርዳር፣ ጸሐፊው ቁረሺ፣ የሙያ አማካሪው መሊክ ወሳያ ሆኑ። ስብሰባው ክብደት ስለ ነበረው በቀዝቃዛው ክፍል ተደረገ፤ ለአስተሳሰብ እንዲረዳም ጋያው ተጨማሪ ከሰል ተደረገለት።

«እህሳ፣ መሊክ» አሉ ሰርዳር፣ የጋያውን መምጠጫ ከከንፈራቸው ሳያርቁ።

«የመሣሪያውን ማጣሪያ ቀይሬአለሁ፣ ጌታዬ። ቧንቧውን በነፋስ አስጠርጌአለሁ። ፓምፑን ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ከሲሊንደር መጠኑ የታወቀ ጋዝ አጠጥቼም ጠየቅሁት፤ ልክ ልኩን መለሰልኝ። መጋጠሚያዎቹንም አንድ በአንድ አይቻለሁ።» ከዝናሩ ሥር ያለውን አንዱን ሳይጨምር ማለታቸው ነበር፤ ይህ ግን በጨዋ ሰው ፊት የሚነገር አልነበረም።

«እና?»

«መሣሪያው ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ምን ያስጮኸዋል?»

መሊክ ወሳያ «ጤነኛ ስለ ሆነ ይሆናላ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ነገር ግን ጡረታቸው መቃረቡ ትዝ አላቸውና «እየተከታተልን ነው» ብለው ዘጉት። በዚህ መካከል ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ማጣሪያው ጠፋ። ከውጭ የሴቶች እርግማን ተሰማ።

ቁረሺ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ደኅና ያድራል። የሚያመው እኛ ስንሰበሰብ ብቻ ነው።»

 እውነት እንዲህ ቀርባ፣ ደጃፍ ደርሳ፣ ጫማዋን ልታወልቅ ነበር።

«ትርጉሙስ ምንድን ነው?» አሉ ሰርዳር።

«ዓይን በዝቶበታል። የቡዳ ነገር ነው።»

ይህ ማብራሪያ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ለዓይን መከላከያ ጥቁር ጨርቅ ተገኝቶ በመሣሪያው ላይ ታሰረ። በአጫጭር ስብሰባ መፍትሔ እንዳልተገኘም ስለ ተረጋገጠ፣ ከእንግዲህ ስብሰባው ከጧት እስከ ማታ እንዲሆን ተወሰነ። ኮሚቴው በተሰበሰበ ቁጥር አቧራው ወረደ፤ አቧራው በወረደ ቁጥር ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። አባላቱ ምን ያህል ራሳቸውን ለሥራ እንደ ሰጡ ከዚህ ይታወቃል፦ ማታ ማታ ከክፍሉ ሲወጡ ሦስቱም ራሳቸውን ያማቸው፣ ዓይናቸውን ያጥበረብራቸው፣ አልፎ አልፎም ያቅለሸልሻቸው ነበር። «ከባድ ሐሳብ እኮ እንዲህ ነው» ይሉ ነበር ሰርዳር፣ ግድግዳ ተደግፈው።

ሐሙስ ጧት ኢንጂነር ዘርሚና ከካራቺ መጣች። መሣሪያውን የሸጠው ድርጅት የላካት፣ ቦርሳዋን ራሷ የምትሸከምና ሰላምታዋ አጭር የሆነ ሴት ናት። ማንም ሳይኖር ለብቻዋ ገብታ ስታይ ቆየች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ጥቂት ቆይቶ ኮሚቴው በሙሉ ክብሩ ገባ፤ ዝናሩ ተሰቀለ፣ ከሰሉ ተራገበ፣ ጋያው መንደቅደቅ ጀመረ። ቁጥሩ ሽቅብ ተነሣ።

«ያ ምንድን ነው?» አለች ወደ ግድግዳው እያመለከተች።

«ዝናር ነው» አሉ ቁረሺ። «የሰርዳር አያት በታወቀ ውጊያ ላይ...»

«የተሰቀለበትን ማለቴ ነው።»

ሁሉም መሊክ ወሳያን አዩ። መሊክ ወሳያ ሳሉ። «የ... የናሙና ቧንቧ ነው።»

«ማለት መሣሪያው የሚተነፍስበት አፍንጫ።»

«እንደዚያ ሊባል ይችላል።»

«እና አፍንጫው ላይ ጥይት ሰቀላችሁበት። ያውርዱልኝ እስቲ።»

መሊክ ወሳያ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ። ሰርዳር በመጨረሻ ተነሥተው ራሳቸው አወረዱት። ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ ወለም ያለ ክንድ መስሎ ቀረ።

«ይኸውላችሁ» አለች ዘርሚና። «በመጋጠሚያው ውስጥ አየር እንዳይገባ የሚያትመው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ተጨፍልቋል። ከእቶኑ ጭስ ይልቅ የዚህን ክፍል አየር ነው የሚስበው። የሲሊንደሩ ጋዝ የሚገባው ከዚህ ወዲያ ስለ ሆነ ስትጠይቁት ልኩን ይመልሳል። መሣሪያው አልተሳሳተም። መርዝ አለ ብሏችኋል፣ አለ።» ጋያውን በዓይኗ ጠቆመች። «ራሳችሁን አያማችሁም?»

«ያመናል እንጂ» አሉ ቁረሺ በኩራት። «እናስባለን።»

«ያ ሐሳብ አይደለም፣ ጋሼ። ከሰል ነው። ጎሚኒውን ቀይሩ፣ ይኼን ጋያ አውጡ። አለበለዚያ አንድ ቀን እንደ ተሰበሰባችሁ ትቀራላችሁ።» ምሳ እንኳ ሳትበላ ሄደች፤ ይህም ስለ አስተዳደጓ ብዙ አናገረ።

ኮሚቴው የባለሙያዋን ቃል በጥሞና መረመረ። ጎሚኒውን መቀየር ማንንም የሚገድ አልነበረም። ነገር ግን ዕቃ ከግምጃ ቤት የሚወጣው የአሮጌው መበላሸት ምክንያት ከተጻፈ ነው። ምክንያቱ ዝናሩ ነው፤ ዝናሩ የሰርዳር ነው፤ የሰርዳር ዝናር ደግሞ ጠላትን እንጂ የመንግሥት ንብረትን አበላሽቶ አያውቅም። ስለዚህ ጎሚኒው አልተበላሸም። ይህ በቀላሉ አለፈ። የጋያው ጉዳይ ግን አከራከረ።

«ጋያውን ወደ ፀሐይ ላውጣ?» አሉ ሰርዳር። «አብሬውስ ማን ይውጣ? እኔ?»

ቁረሺ የመሣሪያውን መመሪያ ገልጠው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አሰቡ። ከዚያም በታሪክ የሚጠቀስ ንግግር አደረጉ። «ጌታዬ፣ ሴትዮዋ ያለችው መሣሪያውና ጋያው ባንድ ክፍል አይኑሩ ነው። መመሪያውም ይህንኑ ይላል። የትኛው ይውጣ ግን አይልም።»

ሰርዳር ጋያውን በረጅሙ ሳቡ።

መሊክ ወሳያ ከትራሳቸው ቀና አሉ። በዚያች ደካማ መሣሪያ ላይ ዕድሜአቸውን ጨርሰዋል፤ ሙቀት እንደሚገድላት ያውቃሉ። «ጌታዬ» አሉ፣ «ክፍሉ የተሠራው ሙቀት ለማይችል ዕቃ...»

«ሙቀት የማልችል እኔ ነኝ» አሉ ሰርዳር በገርነት። «ደግሞስ መሊክ፣ ዓርብ ሠርግህ አይደል? እመጣለሁ። ዝናሬን ታጥቄ ከፊት እቀመጥልሃለሁ። የሙልታን ሰዎች ከማን ጋር እንደ ተዛመዱ ይዩ።»

መሊክ ወሳያ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ሲያገለግሉ ኖረዋል። ደግሞም ነገሩን ሲያሰሉት መልካም ሆኖ ታያቸው፤ መሣሪያው ከጋያው ከራቀ አይጮኽም፤ ካልጮኸ አቧራ የለም፤ አቧራ ከሌለ አማቲቱ አትመለስም። ፈረሙ። ከሰዓት በኋላ ወዛደሮች መሣሪያውን ተሸክመው አወጡት። በግቢው አጥር ጥግ፣ መንደሩን በሚያዋስነው በብቸኛው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ቧንቧው ስላልደረሰ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ተቀጠለበት፤ መቀጠያውም በጨርቅ ተጠቅልሎ ታሰረ። ሠርግ ስለ ነበረ ጨርቁ ቀይ ሆነ።

ማታ ሻህርባኖ ጉዳዩን ከአባቷ አፍ ሰማች።

«ከጋያውና ከመሣሪያው የሚከብደው የትኛው ነው፣ ባባ?»

«መሣሪያው ነዋ።»

«ስንት ሰው ተሸከመው?»

«ስምንት።»

«ጋያውን ለማውጣት ስንት ሰው ይበቃ ነበር?»

መሊክ ወሳያ ጥቂት አሰቡ፤ ራሳቸውን አመማቸው። «አንቺ ነገ ሙሽራ ነሽ» አሉ። «ሙሽራ ዝም ትላለች።»

«ዛሬ አይደለሁማ።»

ዓርብ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ ዋለ። ድንኳኑ ነጭ፣ ወንበሮቹ ነጭ፣ የሙልታን እንግዶች ደግሞ ከሁሉ የነጡ ነበሩ። አማቲቱ ከመኪናዋ ስትወርድ ጣቷን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ አሻሸች፤ ጣቷን አየችው፤ ምንም አላገኘችበትም፤ ይህም ያስቀየማት መሰለ። ሰርዳር ዝናራቸውን ታጥቀው መጡ፣ ከፊት ተቀመጡ። መሊክ ወሳያ በዚያች ሰዓት ሞት ቢመጣ «ትንሽ ቆይ» ይሉት ነበር እንጂ ቅር አይላቸውም ነበር።

የምግብ ሠሪዎቹ አለቃ ከጧት ጀምሮ ላቡ እየወረደ ሲለምናቸው ነበር። «መሊክ ሳሂብ፣ የሠርጉን የሥጋ ሩዝ፣ ብርያኒውን፣ ፀሐይ ላይ ስናበስል እኛም አብረን እየበሰልን ነው። ጥላ ስጡን።»

«ከዚያ ከኒሙ ሥር ሂዱ» አሉ መሊክ ወሳያ፣ ዓይናቸውን ከሰርዳር ሳይነቅሉ። «ሰፊ ጥላ ነው።»

ትልልቆቹ ድስቶች ተጓዙ። ሥራቸው እንጨት ተማገደ፤ ክዳናቸው ላይ እንደ ልማዱ ፍም ከሰል ተከመረ። አንዱ ድስት ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ጎማ አጠገብ ተጣደ። ከምግብ ሠሪዎቹ አንዱ ጨርቁን አይቶ «ይኼም ዛሬ ተሞሽሯል» አለ፤ የአበባ ጉንጉንም በመሣሪያው አንገት ላይ አጠለቀለት።

ጋብቻውን የሚያስሩት ሼህ፣ መውላናው፣ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ሊጠይቁ ተነሥተው ሙሽራውን ፈቃዱን ጠየቁት። «ተቀብያለሁ» አለ። ደግመው ጠየቁት፤ «ተቀብያለሁ» አለ። ሦስተኛውን ጠይቀው አፉን ሲከፍት፣ ከኒሙ ሥር አንዲት ቀይ መብራት በራች።

ማጣሪያው ጠፋ። ቀጥሎ ሰማዩ ቀስ ብሎ፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ ወደ ድንኳኑ ወረደ። ነጩ ግራጫ ሆነ፤ ቀዩ ግራጫ ሆነ፤ ብርያኒው ግራጫ ሆነ። ሰርዳር የራሳቸውን ሐውልት መሰሉ፤ በዚያ ወረዳ ከተሠሩት ሐውልቶች ሁሉ ባለቤቱን የሚመስል ይህ ብቻ ነበር። በጭጋጉ ውስጥ የሙሽራው ድምፅ «ተቀብያለሁ ብያለሁ፣ ሰሙኝ?» ሲል ተሰማ። የአማቲቱ ድምፅ ደግሞ «ብያችሁ ነበር» አለ። ከዚያም ቃሏን የምታከብር ሴት ናትና፣ ልጇን እጁን ይዛ እየጎተተች ወደ መኪናዋ ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ መኪናው ወደ ሙልታን ተነሣ።

መሊክ ወሳያ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ አቧራ ከጥምጥማቸው እንደ ጎርፍ ወረደ። «ወሰደችው» አሉ። «ልጄን አዋረድኳት።»

«ማንን ነው የወሰደችው?» አለች ከጎናቸው አንዲት ግራጫ ሴት፤ በድምፅዋ ሻህርባኖ መሆኗን አወቁ። ክንዷን የያዘ አንድ ግራጫ ወጣት አብሯት ቆሟል። «ሙሽራው ይኸውና።»

«ደኅና ዋሉ፣ አባባ» አለ ግራጫው ወጣት፣ እየሳለ።

«ታዲያ እናትህ ማንን ይዛ ሄደች?»

ይህ የታወቀው አማቲቱ የመንገዱን እኩሌታ ከሄደች በኋላ ነው። እንባዋን ስትጠርግ የልጇንም ፊት ጠረገችለት፤ ከአቧራው ሥር የወጣው ግን የአስተዳደር ኃላፊው ቁረሺ ነበሩ። ባለ መነጽሩን ሽማግሌ እጅግ አተኩራ አየቻቸው።

«ይህን ሁሉ መንገድ ስንሄድ ምነው ዝም አሉ?»

«መኪናው ቀዝቃዛ ነበር፣ እትዬ» አሉ ቁረሺ።

እሷም ሳትወድ ሳቀች፤ ሹፌሩን አስመልሳ መጣች። ባልና ሚስት መጋባታቸው በምስክር ጸንቶ ጠበቃት። ሙሽራይቱን አገጯን ይዛ መረመረቻትና «ነጭ ናት ብለውኝ ነበር» አለች፤ «ይህን ያህል ግን አላሉኝም።» ሻህርባኖም «ሲታጠብ ይለቃል» አለቻት። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ተስማምተው ይኖራሉ ይባላል።

ኮሚቴው ቅዳሜ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ስፍራው ቀዝቃዛው ክፍል ነበር፤ መሣሪያው ከወጣ ወዲህ ሰፋ ብሏል። ጋያው ተራገበ። ቁረሺ ግኝቱን ቆመው አነበቡ። «ትናንት አቧራው በወረደ ጊዜ ይህ ጋያ በዚህ ክፍል ተቆልፎበት፣ ከሰሉ ጠፍቶ፣ ብቻውን ነበር። ስለዚህ በባለሙያዋ የቀረበበት ክስ ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። ጋያው በነፃ ተሰናብቷል።»

«ክብሩ ይመለስለት» አሉ ሰርዳር፣ ዝናራቸውን አዲስ በተመታ ምስማር ላይ እየሰቀሉ።

«ጥፋቱ የማነው ይባል?» ሲሉ መሊክ ወሳያ ጠየቁ፤ ከጆሯቸው አሁንም ሲሚንቶ ይወርድ ነበር።

«የመሣሪያው ነዋ» አሉ ሰርዳር። «ባየበት ሁሉ ጭስ ይሸተዋል። መሊክ፣ ይህን ዕቃ ለአንተ ሰጥቼሃለሁ። ጭስ ከማይደርስበት ንጹሕ ቦታ ወስደህ አስቀምጥልን፤ ጎማውንም ቁረጠው፤ እሱም ይረፍ፣ እኛም እንረፍ።»

መሊክ ወሳያ ጭስ መርማሪን ጭስ ከሌለበት ቦታ ስለ ማስቀመጥ አንድ ነገር ሊናገሩ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ሰርዳር መምጠጫውን በገዛ እጃቸው አቀበሏቸው፤ ይህ ደግሞ በዕድሜአቸው ሆኖላቸው የማያውቅ ክብር ነው። ሳቡ። ፈረሙም።

ስብሰባው በመልካም ሁኔታ ተፈጸመ። ሦስቱም ራሳቸውን ይዘው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወጡ፤ እጅግ ብዙ አስበው ነበርና።